ስኳሩ በራ፣ አባዬ

ለተወደድከው አባቴ፣ ለእድራችን የዘመናት ጸሐፊ፣ ለቤታችን አዋጅ ነጋሪ፤

ቁጭ ብለህ ስማኝ እንዳልልህ ተኝተሃል። እንግዲያው እንደተኛህ ስማኝ፤ ዜናው ከባድ ነው።

ማስታወቂያ። ነዋሪነቱ መካኒሳ አቦ፣ በእኛው ቤት ጠረጴዛ ላይ የነበረው፣ ጽጌረዳ የተሣለበትና ክዳኑ በአንድ በኩል የተሸረፈው የስኳር ዕቃ፣ ለረጅም ጊዜ ባደረበት ባዶነት ሳቢያ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ሟች በሕይወት ዘመኑ ሀብታም ከድሃ ሳይለይ ሁሉን እኩል ያጣፈጠ፣ ጉንዳን እንኳ ቢመጣበት ፊቱን ያላጠቆረ ደግ ዕቃ ነበር። ሥርዓተ ቀብሩ በእማዬ እጅ፣ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ ከአሮጌው ብርድ ልብስ ጀርባ ተፈጽሟል። ድንኳን አልተተከለም። ለቤተሰቡና ለጉንዳኖቹ መጽናናትን እንመኛለን።

እንዴት ነው? ድምፅህን ለማምጣት ሞክሬያለሁ። አንተ ብታነበው ግን «ከዚህ ዓለም» ላይ ትንሽ ትቆም ነበር። የእድሩን ሜጋፎን ከአፍህ ራቅ አድርገህ፣ ሰው ሁሉ ማን ይሆን ብሎ ትንፋሹን እስኪውጥ ጠብቀህ፣ ከዚያ ስሙን ትጥለው ነበር። ሰፈሩ አንተ እስክትናገር ድረስ ማንም እንዳልሞተ ነበር የሚቆጥረው። ቤት ስትገባ ደግሞ ሜጋፎኑን በር ላይ ታስቀምጠዋለህ እንጂ ድምፁን ይዘኸው ትገባለህ። አንድ እግር ካልሲ ሲጠፋብህ እንኳ «ለተከበራችሁ የቤተሰቡ አባላት በሙሉ! ቀለሙ ግራጫ፣ ተረከዙ የተቀደደ፣ ያየ ሰው ወሮታ ከፋይ ነኝ!» ትል ነበር። ወሮታውን እስከ ዛሬ የተቀበለ የለም።

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ጭቃው እየደረቀ ነው። ቤቱ ደኅና ነው፤ በራችን ላይ ያለው መንገድ ለልማት ተቆፍሮ፣ ልማቱ እስኪመጣ ድረስ በሳንቃ እየተሻገርን ነው። እድሩ አዲስ ጸሐፊ ሾሟል። ሰውዬው ጨዋ ነው፤ ያለበት ጉድለት ጨዋነቱ ብቻ ነው፣ ሜጋፎን ያሳፍረዋል። ስለዚህ መርዶ በቴሌግራም ሆኗል። እሱ «እገሌ አረፉ» ብሎ ይለጥፋል፣ አባላቱ ከሥሩ አውራ ጣት ይቀስራሉ። ሞትን በአውራ ጣት የሚያጸድቅ እድር ያለን እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። አንዱ ጎረቤታችን ደግሞ ጣቱ ስቶ የሚስቅ ፊት ልኮ፣ ስህተት መሆኑን ለማስረዳት ለቅሶው እስኪያበቃ ድረስ ድንኳን ውስጥ ውኃ ሲያድል ሰነበተ።

ወደ ሟቹ የስኳር ዕቃ ልመለስ። አርባህ በወጣ ማግስት እማዬ ከጠረጴዛው አነሣችው፣ የተረፈውን ስኳር ለጎረቤት ገለበጠችና «ከዛሬ ጀምሮ ስኳር ለዚህ ቤት እርም ነው» አለች። ሰው ለሟቹ ሲል የሚወደውን ነገር እርም ይላል፤ ሥጋ የሚተው አለ፣ ዘፈን የሚተው አለ። ዓመት ሲሞላ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ለምኖ፣ ተቆጥቶ ያስገድፈዋል። እማዬን ግን ዓመትህ ወጥቶም የሚያስገድፋት ጠፋ። እኔም መራራ ሻይ ፊቴን ሳላጨማድድ መዋጥ ለመድሁ። እንግዳ ሲመጣ ሻዩ ይቀርብለታል፣ ይቀምሳል፣ ዓይኑ ጠረጴዛውን ይዞራል፣ መጨረሻ ላይ ጣሪያውን ያያል።

ያልተበገሩት እትዬ ብርቄ ብቻ ናቸው። ጎረቤት መሆናቸው መብት ይመስላቸዋል፤ ስኳራቸውን በመሐረባቸው ጥግ ቋጥረው ይመጣሉ። እማዬም «እትዬ፣ እሱን በረንዳ ላይ» ትላቸዋለች። ሲጋራ እንደሚያጨስ ሰው በረንዳ ላይ ቆመው፣ ካፊያው እየረጫቸው፣ ሻያቸውን ያማስላሉ። «በገዛ ሰፈሬ ስደተኛ አደረገችኝ እኮ!» ይላሉ በመስኮቱ በኩል፣ ለእኔ ይሁን ለመንግሥት ባላውቅም።

እየሳቅሁ የምጽፍልህ ነገሩ ቀላል ሆኖ አይደለም። እርሙ የፍቅር ብቻ ቢሆን ዝም ባልሁ ነበር። ግን ቅጣት ነው። እማዬ «የገደልኩት እኔ ነኝ» ትላለች። ለእኔ ብላኝ አታውቅም፤ ለእትዬ ብርቄ ነው የነገረቻቸው፣ እሳቸው ሆድ ውስጥ ደግሞ ምስጢር ከሻይ በላይ አይቆይም።

ያቺን የመጨረሻ ጠዋት ታስታውሳለህ? ሻይ አማረህ። «ሁለት ማንኪያ አድርጊበት» አልካት። «ተው አንተ ሰውዬ፣ የስኳር ሕመም አለብህ» አለችህ። «አላማስለውም» አልካት። ሕግህ ነበር፤ ያልተማሰለ ስኳር አይቆጠርም። ሐኪም ፊት ሳይቀር ተሟግተህበታል፤ ስኳሩ ታች ተቀምጧል፣ እኔ የምጠጣው ላይኛውን ነው፣ ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ? ላይኛው አልቆ ታችኛውን በማንኪያ ስትጠርግ ከተያዝህ ደግሞ «ይኼ መጠጣት አይደለም፣ ዕቃ ማጠብ ነው» ትላለህ። ያን ቀንም ዕቃህን አጠብህ። ከሰዓት በኋላ ልብህ ቆመ።

ሐኪሙ በትዕግሥት አስረዳን። ልብህ ለዓመታት ሲደክም የኖረ ልብ ነው፣ አንድ ብርጭቆ ሻይ ይህን አያደርግም አለ። እማዬ በአክብሮት ራሷን ነቀነቀችለትና አላመነችውም። እንዴት ታምነው? ሁለቱን ማንኪያ ጨምራ ያቀረበችው በገዛ እጇ ነው፣ በዓይኗ አይታለች። የሐኪሙን ነገር ግን ማንም አላሳያትም።

እስከዚህ ድረስ መርዶ ነበር። አሁን ሜጋፎኑን አቀብለኝ፤ የምሥራች አለኝ!

ሥራዬ በሕይወት ሳለህ ገብቶህ አያውቅም። ሰው ሲጠይቅህ «ልጄ የማይታይ ነገር ስታይ ውላ ትመጣለች» ብለህ ትገላገለው ነበር። ሐሜት እንጂ ውሸት አልነበረም። እነሆ ላስረዳህ። ስኳር በደም ሲዞር ቆይቶ ወደ ሴሎች ይገባል፤ ጉልበት የሚሆነው እዚያ ነው። ሲገባ ግን ማን ያየዋል? ከማነሱ የተነሣ በእኛ ማይክሮስኮፕ ራሱን ስኳሩን ማየት አይቻልም። ስለዚህ ኬሚስቶች ተንኮል ሠሩ። ፍየሉ የምትጠፋበት ሰው አንገቷ ላይ ቃጭል ያንጠለጥል የለ? እነሱም ስኳሩ ላይ ፋኖስ አንጠለጠሉበት። ሰማያዊ ብርሃን ስትለቅበት አረንጓዴ ብርሃን ይመልስልሃል። ሴሉ «ስኳር መጣ» ብሎ በሩን ይከፍትለታል። ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ፋኖሱ ያስቸግራል፤ ሴሉ ጀምሮት ሊጨርሰው አይችልም፣ እሱም በቀላሉ መውጣት አይችልም። ዘመድ ቤት ጎራ ብሎ «እራት ሳትበላማ አትሄዳትም» እንደተባለ ሰው እዚያው ቁጭ ብሎ ያበራል። ደግሞ ሴሉ በሕይወት ያለ ነው። ሳንገድለው፣ ሳናደርቀው፣ ሲበላ እናየዋለን። በሰው ማዕድ ላይ አፍጥጦ ማየት ነውር መሆኑን አስተምረኸኛል፤ ደመወዝ ሲከፈልበት ግን ሳይንስ ይባላል።

ወሬው እንዲህ ያማረ ሲሆን ሥራው ለወራት ጨለማ ነበር። ሴሎቹን አዘጋጃለሁ፣ አብሪውን ስኳር እሰጣለሁ፣ ክፍሉን አጨልሜ አጎነብሳለሁ፤ ጥቁር። መብራት የጠፋበት ጀሞ። የመመረቂያ ጥናቴ አማካሪ መነጽራቸውን አውልቀው «አብሪው ስኳር ሊያልቅ ነው። ከዚህ በኋላ ካልሠራ ሌላ ርዕስ ብትፈልጊ ይሻላል» አሉኝ። ሌላ ርዕስ አልፈለግሁም። አንተን የወሰደህ ነገር የሚያልፍበትን በር ሳላየው መተው አልሆነልኝም።

ታምራት የሚባል ባልደረባ አለኝ፤ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነው። ከደቡብ የመጣ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም የሚኖር፣ ሥራ ላይ መዝሙር የሚያንጎራጉር ጴንጤ፣ ትንኝ ሲመታ እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው። አማካሪዬ ያን የተናገሩ ዕለት አንገቴን ደፍቼ ሲያየኝ ሊያጽናናኝ መጣ።

«አይዞሽ እህቴ» አለኝ። «እኔ እንደሆነ አልተውኋቸውም። ምሳ ስትወጪ እንዳይርባቸው ከዚያ ስኳር ካለበት ፈሳሽ ጠብ ጠብ አደርግላቸዋለሁ።»

ልንገርህማ። አብሪውን ስኳር ከመስጠቴ በፊት ሴሎቹ ስኳር በሌለበት ፈሳሽ ውስጥ ትንሽ መቆየት አለባቸው፤ መራብ አለባቸው። እኔ አስርቤያቸው ምሳ እወጣለሁ። እሱ ደግሞ ከኋላዬ ያጎርሳቸዋል!

«ምን አደረግህ?» አልሁት።

«ርቧቸው ነበራ! ባዶ ውኃ ውስጥ ጥለሻቸው ሄደሽ፣ ምሳውስ እንዴት ይወርድልሻል?»

እሱ ራሱ በዚያን ቀን ጾም ጸሎት ላይ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፉ አልዞረም። አባዬ፣ ይህ ስህተት ሌላ አገር አይሠራም። ሌላው ዓለም ሴል ይበክላል፣ ያቃጥላል፣ ይረሳል። ቤቱ የገባ ፍጡር ባዶ ሆዱን ሲቀመጥ ማየት አቅቶት ሴል የሚያጎርስ እኛ ብቻ ነን።

የአንተ ሁለተኛው ሕግ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው፤ ሰርግ የተጠራ ሰው ቁርስ አይበላም። የአጎቴ ልጅ ያገባች ቀን እኛን ልጆቹን ከጠዋት ጀምረህ በውኃ ብቻ አቆይተህ፣ ሙሽሮቹ ዘግይተው ታናሼ ድንኳኑ ምሰሶ ላይ ተደግፋ ስታንቀላፋ «ዝግጅት ላይ ናት» ብለህ ለሰው ትመልስ ነበር። ሴሎቼ ቁርሳቸውን በልተው ነው ሰርግ የመጡት። ተራውን ስኳር ጠግበው፣ በሩ ላይ ተጨናንቀው፣ ባለ ፋኖሱ እንግዳ መግቢያ አጣ።

ለታምራት በእሱ ቋንቋ ነገርሁት። «ጾም ላይ ናቸው» አልሁት። ፊቱ ተለወጠ። «ታዲያ ከመጀመሪያው እንዲህ አትይም?» አለኝ በቁጣ፣ ጥፋቱ የእኔ እስኪመስል። ከዚያ ወዲያ ጠባቂያቸው ሆነ። የሴሎቹ ማሞቂያ ሣጥን በር ላይ በትልቁ ጽፎ ለጠፈ፦ «በጾም ላይ ናቸው። መፈተን በጥብቅ የተከለከለ ነው።» አማካሪዬ አነበቡት፣ እንደገና አነበቡት፣ አልፈው ሄዱ።

ሐሙስ ጠዋት ከቀረችው አብሪ ስኳር ሰጠኋቸው። ጠበቅን። አጠብናቸው፣ ደጅ የቀረው ሁሉ እንዲሄድ። ክፍሉን አጨለምን። ሰማያዊውን ብርሃን ለቀቅሁ።

አባዬ! አባዬ! መብራት ሲመጣ ጀሞን አይተህ የለ? ሁሉ ድርግም ብሎ ቆይቶ፣ አንዱ መስኮት ብልጭ፣ ከጎኑ ያለው ብልጭ፣ ከዚያ ብሎኩ በሙሉ፣ ከዚያ ልጆች ከየፎቁ «መጣ!» ብለው ሲጮኹ? እንደዚያ ነው የሆነው። እያንዳንዱ ሴል በየራሱ አረንጓዴ፣ ጫፍ እስከ ጫፍ፤ መሐሉ ላይ እንደ መስኮት መጋረጃ ጠቆር ያለ ቦታ አለው። እየኖሩ ነው፣ እየበሉ ነው፣ በልተው እየበሩ ነው! ከአክስቴ ቤት በጀሞ በኩል ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ጣትህን ቀስረህ «ያ ሦስተኛ ፎቅ ይታይሻል? እዚያ ላይ በሬ ጠምጄ አርሻለሁ» ያልከው፣ ወያላውም «ፋዘር፣ በሬዎቹ በደረጃ ነው በሊፍት የወጡት?» ብሎ ታክሲውን በሳቅ የገደለው፣ አንተም «በሬ ሊፍት አይወድም» ብለህ ኮስተር ያልከው ትዝ አለኝ። ጨለማው ክፍል ውስጥ ሳቄ አመለጠኝ። ቀጥሎ የሆነውን አላውቅም፤ ታምራት እንደሚለው ወንበር ላይ ወጥቼ «ለተከበራችሁ የላቦራቶሪው አባላት በሙሉ!» ብዬ ጮኼአለሁ። ከሌላ ፎቅ ሰው የሞተ መስሏቸው የመጡ ነበሩ።

የታምራት ጉርሻም ከንቱ አልቀረም። ተራ ስኳር ሲበዛ ባለ ፋኖሱ በር ላይ መቅረቱ፣ ሁለቱ የሚገቡት በአንድ በር መሆኑን የሚያሳይ ነው አሉ አማካሪዬ። ከእንግዲህ አንዱን ሳህን ሆን ብለን እናጎርሰዋለን። ታምራት በፊርማ የተፈቀደለት አጉራሽ ሆኗል፤ ጠብታውን ሲያደርግ ይባርካል።

ግን ሐሙስ ያየሁት ይህን ብቻ አይደለም። ሌላ ሳህን ነበር።

በሩን ለማስከፈት አዋጅ ነጋሪ ያስፈልጋል። ስሙ ኢንሱሊን ነው። በደም ውስጥ እየዞረ «ለተከበራችሁ የጡንቻ ሴሎች በሙሉ! ስኳር ደርሷል፣ በር ክፈቱ!» ይላል፤ ደኅነኞቹ ሰምተው በሮቻቸውን ያበዛሉ። በሁለተኛው ሳህን ያሉት ግን አዋጁን እንዳይሰሙ አድርገን ያሳደግናቸው ናቸው፣ ያንተ ዓይነት የስኳር ሕመም ሲይዝ የሚሆነውን ለማየት። አዋጁ ተነገረ። ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ስኳሩ ያው ነው፣ ያው ጠብታ፣ ያው ሰዓት፣ ደጃቸው ላይ ቆሟል፤ እነሱ ግን ጭል ጭል። ያኔ ሳቄ ቆመ። ሰፈሩን በሜጋፎን ሲቀሰቅስ የኖረ ሰው፣ የገዛ ሴሎቹ አልሰሙትም። ደጅህ ላይ ማዕድ ተዘርግቶ አንተ ውስጥህ እየራበህ ነበር ሁለት ማንኪያ የለመንከው።

ለእማዬ ይህን በቃል አልነግራትም አልሁ። በቃል የነገራትን ሐኪም ምን እንዳደረገችው አይቻለሁ። እንድታየው አደርጋለሁ። ነገ ቅዳሜ ነው፤ አማካሪዬ ፈቅደዋል። እዚህ ላይ ላቁም፣ ከእሷ ጋር መጥቼ እቀጥላለሁ።

መጣሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ከመጀመሪያው ጀምሬ ልንገርህ።

«ሥራ ቦታዬን እዪልኝ» ብዬ ነው የወሰድኋት። ቤተ ክርስቲያን እንደምትሄድ ለብሳ ወጣች። ሳንቃውን ስትሻገር ክንዴን ያዘችና «አባትሽ ይህን ጉድጓድ ቢያይ ስንት ማስታወቂያ ይናገርበት ነበር» አለች፤ ስምህን በፈገግታ ስታነሣ ከሰማሁ ቆይቻለሁና ታክሲ እስክንገባ ትንፋሼን ያዝሁ።

ታምራት በር ላይ ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበላት፣ ነጭ ካፖርት ከነጠላዋ ላይ ደረበላት። የተሾመች መሰለች። ጨለማው ክፍል ውስጥ አስቀመጥኋትና በማይክሮስኮፑ እንድታይ አጎነበስኋት።

«ምን ይታይሻል?»

«ጥቁር ሣር።»

«የራስሽ ሽፋሽፍት ነው እማዬ፣ ትንሽ ራቅ በይ።»

ራቅ አለች። ቀስ ብላ «ወይ አምላኬ» አለች። «ይኼ ነው ስኳር?»

«ስኳሩ ነው የሚያበራው። ሴሎቹ በልተውት ነው።»

«ነፍስ አላቸው?»

«በሕይወት አሉ።»

«እኛ እያየናቸው ይበላሉ?» ብላ ነጠላዋን አስተካከለች፣ እንደ አፈረች። ግን ዓይኗን አላነሣችም። አየች፣ አየች፣ እኔ ያኔ ነው መንገር የነበረብኝ፣ ረሳሁት፤ ይህ ፋኖስ ብርሃን ሲያርፍበት ይደክማል። ረጅም ጊዜ ሲያዩት እዚያው እያዩት ይደበዝዛል። አረንጓዴው ሳሳ፣ ሳሳ፣ ጠፋ።

እማዬ ከወንበሩ ብድግ አለች። «ጠፋ! ምን አደረግሁ? ምንም አልነካሁም፣ ምንም አልነካሁም! እኔ ነኝ የገደልኋቸው?»

አባዬ፣ በዚያች ቃል ሁለት ክረምት ሙሉ ቤታችን ውስጥ የተቀመጠው ነገር በሙሉ ወጣ። ታምራት ማንጎራጎሩን አቆመ። እኔም ቀልዴን በሙሉ አጣሁት። እጇን ያዝሁና አስቀመጥኋት።

«አልገደልሻቸውም» አልኋት። «አሉ። የደከመው ፋኖሱ ነው። ማንም ቢያየው ይደክማል፣ አንቺ ስላየሽው አይደለም። ነይ፣ እይ።» ሳህኑን የፀጉር ስፋት ያህል ገፋ አደረግሁት። ብርሃን ያላረፈበት ቦታ ላይ ሌሎቹ ሴሎች እንደ አዲስ አረንጓዴ ሆነው ቁጭ ብለዋል። ወደ ጠፉት መለስኋትና ተራውን ነጭ መብራት አበራሁላት፤ ፋኖስ የላቸውም እንጂ እንዳሉ ናቸው፣ ደኅና ናቸው። ደጋግማ አስመለሰችኝ። እዚህ፣ እዚያ፣ እዚህ። የልጆቿን ቁጥር የምታረጋግጥ ይመስል።

ከዚያ ሁለተኛውን ሳህን አስቀመጥሁላት። የማይሰሙትን። ስለ አዋጅ ነጋሪው ነገርኋት፤ በአንተ ድምፅ ነገርኋት፣ በሩ እንደማይከፈት፣ ስኳሩ ደጅ እንደሚቀር። ረጅም ጊዜ አየቻቸው።

«የሰጠሻቸው እኩል ነው?» አለችኝ።

«እኩል ነው።»

«ያው ስኳር?»

«ያው ስኳር።»

እንደገና አጎነበሰች። ድምፅዋ ተለወጠ፤ ከሻይ ቤት ዘግይተህ ስትመጣ በር ላይ የምትቀበልህ ድምፅ ሆነ። «አንተ ሰውዬ» አለች ወደ ማይክሮስኮፑ፣ «ቀርቦልህ፣ ደጅህ ድረስ መጥቶልህ፣ ምን ሆነህ ነው እምቢ ያልከው?»

የአይጥ ጡንቻ ሴል መሆኑን ለመናገር ጊዜው አልነበረም።

አለቀሰች። በቀብርህ ቀን እንዳለቀሰችው አይደለም፤ ያኔ ሰው እየያዛት ነበር፣ ዛሬ ማንም ሳይይዛት፣ ቀስ ብላ፣ እስኪበቃት አለቀሰች። ታምራት ጓንት ባደረገ እጁ ሶፍት አቀበላትና ግድግዳ ወደ ማየቱ ሄደ። ስትጨርስ ፊቷን ጠረገች፣ ካፖርቱን አጣጥፋ መለሰች፣ ማሞቂያ ሣጥኑ በር ላይ ያለውን ማስታወቂያ አነበበች። «በጾም ላይ ናቸው። እስከ ስንት ሰዓት?» ብላ ታምራትን ጠየቀችው። በቁም ነገር መለሰላት። በቁም ነገር ሰማችው።

እንግዲህ ስኳር ጻድቅ ነው አላልኋትም፤ እሷም አላለችም። በሩ ለተዘጋበት ሰው ስኳር ማብዛት ጉዳት መሆኑን ሐኪምህ ነግሮሃል፣ አንተም በሜጋፎን ድምፅህ ተከራክረሃል፣ የተሸነፍኸው አንተ ነህ። ያልተማሰለ ስኳርም ይቆጠራል፤ ይህን በሳይንስ ስም አረጋግጥልሃለሁ። ግን የእማዬ ሁለት ማንኪያ አይደለም የወሰደህ። ይህን ከእኔ ሰምታ ሳይሆን በራሷ ዓይን አይታ፣ ራሷ ጠይቃ፣ ራሷ መለሰችው።

መካኒሳ ከታክሲ ስንወርድ ሱቅ በር ላይ ቆመች። «ግማሽ ኪሎ ስኳር» አለች ለባለ ሱቁ፣ ዳቦ እንደምትጠይቅ። ቤት ገብታ የስኳር ዕቃውን ከቁም ሳጥኑ አናት ልታወርድ ወንበር ላይ ወጣች፤ እኔ ላውርድልሽ ብል አልፈቀደችም። ሻይ አፈላች። ለራሷ አንድ ማንኪያ አደረገችና ብርጭቆው እስኪጮህ አማሰለችው። «በዚህ ቤት ከእንግዲህ የተጨመረ ይማሰላል» አለች። አዲስ ሕግ ነው አባዬ፤ የአንተ ተሽሯል። እትዬ ብርቄ እንደ ልማዳቸው መሐረባቸውን ይዘው ወደ በረንዳው ሲያመሩ በሩን ከፈተችላቸው። እትዬ ቆመው ጠረጴዛውን አዩ፣ እማዬን አዩ፣ መሐረባቸውን ወደ ብብታቸው መለሱ። «ምሕረት ወጣ እንዴ?» አሉና ገብተው ተቀመጡ። ሦስት ማንኪያ አደረጉ፤ የስደቱን ካሣ ጭምር ነው።

አንተን የምናስታውስበትን ነገር ወስነናል፤ እማዬም ተስማምታለች። በየዓመቱ ያረፍህበት ዕለት ሲደርስ ሻይ ይፈላል፣ የሚወድህ ሁሉ ይጠራል፣ በዚያች ቀን ብቻ ሕግህ ይመለሳል፤ አንድም ሰው አያማስልም። ታች ያለውን በማንኪያ እየጠረግን ዕቃ እናጥባለን። እኔ ደግሞ እዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሰማያዊውን ብርሃን በለቀቅሁ ቁጥር፣ ከመብራቱ በፊት ባለችው አፍታ፣ ሜጋፎንህን ከአፍህ ራቅ አድርገህ ስትቆም እሰማሃለሁ። ፋኖሱ ሲታይ ይደክማል፤ አንተ ግን ስናስብህ እየደመቅህ ነው የመጣኸው።

ልጅህ ሰብለ

ማረሚያ። በዚህ ደብዳቤ መግቢያ ላይ የስኳር ዕቃው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል ተብሎ የተነገረው ፍጹም ስህተት መሆኑን እየገለጽን፣ ዕቃው በሕይወት ያለ፣ በሙሉ ጤንነት በቀድሞ ቦታው ሥራውን የጀመረ፣ ጉንዳኖቹም ለእንኳን ደስ ያለህ ተሰልፈው የመጡ መሆኑን እናስታውቃለን። ከሁለት ክረምት በፊት ስለ እድራችን ጸሐፊ የተነገረውን በተመለከተ ግን፣ እንዲታረምልን በተደጋጋሚ የጠየቅን ቢሆንም፣ ይህ ደብዳቤ እስከተጻፈበት ሰዓት ድረስ ማረሚያ አልደረሰንም።